ግንፍሌ ዳር ያለው ተዳፋታችን፦ ከነሐሴ 2016 እስከ መስከረም 2018 የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ 3 ቀን 2016

ስንጥቁን ዛሬ ጠዋት አየሁት። ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ከኋላ አጥሩ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ መሬቱ እንደ ማጭድ በጎበጠ መስመር ተከፍሏል። ርዝመቱ 7 ሜትር ነው። በሰፊው ቦታ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የልብስ መስቀያ ሽቦ አቅንቼ ስሰድበት 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለ ምንም እንቅፋት ገባ። የአጥሩ ሁለት ቋሚዎችም ወደ ወንዙ አዘንብለዋል። መቼ እንዳዘነበሉ ማናችንም ልብ አላልንም።

ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ፣ ግንፍሌ ወንዝ አጠገብ ነው። ግቢው ደልዳላ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ግን መሬቱ፣ አጥሩን ተከትሎ በ12 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። ከሥሩ እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ጎረቤት አሉን፤ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። የምጣድ ቤታቸው ግድግዳ ከተዳፋቱ እግር ሁለት እርምጃ አይርቅም።

በ2014 ተዳፋቱ እግር ላይ ከፍታው 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ግንብ አሠርተን ነበር። 68,000 ብር ወጥቶበታል። ዛሬ ወርጄ ሳየው መካከሉ ሆድ አውጥቷል። ቱንቢ ስጥልበት ወገቡ ከላይኛው ጫፍ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቀድሟል።

በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 የደረሰውን የመሬት ናዳ ከሰማን ሦስት ሳምንት አልሞላም። ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ከአእምሮዬ የማይወጣው፣ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ መውሰዱ ነው። የእኛ ተዳፋት ከዚያ ተራራ ጋር አይወዳደርም። እትዬ ምጣድ ቤት ለመድረስ ግን ይህችው 6 ሜትር ትበቃለች።

ነሐሴ 6

የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። ስንጥቁ ውሃ እንዳያስገባ ብዬ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ በአሸዋ አቅጥኜ ሞላሁበት። ዛሬ ከሙሌቱ አጠገብ አዲስ ስንጥቅ ወጥቷል፤ የድሮውም ስፋት ከእንግዲህ አይለካም።

የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ መጥቶ አየውና አዘነ። «የሚሄድን መሬት በሲሚንቶ አትይዘውም። ምን ያህል እንደሚሄድ የሚነግርህን ምልክት ነው የደፈንከው» አለኝ። መደፈን ካለበት በተቦካ ጭቃ ይደፈናል፣ ከላዩ ሸራ ይለበሳል፣ ከዚያ ይለካል።

ነሐሴ 7

ስንጥቁን ግራና ቀኝ አድርገን አራት ጥንድ ካስማ ተከልን። ካስማዎቹ 50 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ናቸው። ጫፋቸው ላይ በመጋዝ መስመር ተሠርቶባቸዋል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በብረት ሜትር ጠዋት ጠዋት እለካለሁ። አሮጌው ግንብ ላይ ባሉት ስንጥቆች ላይ ደግሞ ጄሶ ለጠፍን፤ ጄሶ ስለማይለጠጥ ግንቡ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ለዝናብ መለኪያ ቀጥ ያለ ጎን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ ከዛፍ ርቆ ሜዳ ላይ ተቀመጠ፤ በማስመሪያ ይነበባል። ወጪው ሁሉ 640 ብር።

ነሐሴ 19

ትናንት ጣሳው ውስጥ 41 ሚሊ ሜትር ተጠራቀመ። ካስማ ሁለትና ሦስት በአንድ ሌሊት 4 ሚሊ ሜትር ተራርቀዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ደረቅ ሦስት ቀናት ምንም አልነበረም። ጄሶው ከሁለት ቦታ ተሰንጥቋል።

ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ወርጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከመንገሬ በፊት ሁለት ሳምንት ማለፉ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ከሥር ያለ ሰው ከላይ ካለው ሰው ቀድሞ ማወቅ ነበረበት። አንድ ስምምነት አደረግን። በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘነበ ወይም ካስማዎቹ 5 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሱ፣ እሳቸውና ልጆቹ የዚያን ሌሊት እኛ ቤት ያድራሉ። ምጣድ ቤቱ ውስጥም ዝናብ እየዘነበ ማንም አይሠራም። መሬቱ ቢወርድ ደግሞ ዕቃ ለማውጣት ማንም ወደ ታች አይወርድም። እትዬ ሰምተው ጨረሱና «ልጄ፣ እንጀራው በዝናብ ቀን ነው የሚፈለገው» አሉ። ያን ለማሟላት ምጣዱ ለጊዜው በረንዳችን ላይ እንዲቀመጥ ተስማማን።

እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ አምስት ሌሊት እኛ ቤት አድረዋል። የስንጥቁ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 17 ሚሊ ሜትር ደርሷል።

ጥቅምት 9 ቀን 2017

ዝናቡ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው። ካስማዎቹ ቆመዋል። ነገር ግን ከአሮጌው ግንብ ግራ ጫፍ ያለው መሬት አሁንም እርጥብ ነው፤ ሣሩ ሌላው ቦታ ሲደርቅ እዚያ ብቻ እንደ ሐምሌ ለምልሟል። ዝናብ ከሌለ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል?

ግንቡ ላይ አንድም የውሃ ማውጫ ቀዳዳ እንደሌለ ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼው ነበር! ከመሠረቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብዬ በመሮና በመዶሻ መብሳት ጀመርኩ። 40 ሴንቲ ሜትሩን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። የመጨረሻው ድንጋይ ሲነቀል ውሃው እስከ ክርኔ አጥቦኝ ወጣ። ሦስት ባልዲ ሞልቼ መቁጠሩን ተውኩት፤ 40 ደቂቃ ያህል ፈሶ ቀነሰ፣ ከዚያ በቀጭኑ ቀጠለ። የሠራነው ግንብ ተዳፋቱን እየደገፈ ሳይሆን ከኋላው ግድብ ሆኖ ውሃ እያጠራቀመ ነበር።

ጥቅምት 24

የሙከራ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ከስንጥቁ ሁለት ሜትር ወደ ቤቱ ገባ ብሎ፣ 2.2 ሜትር ጥልቀት። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሰው፣ 1,000 ብር። ከ1.2 ሜትር በታች ስንወርድ ጎኖቹን በእንጨትና በጣውላ ደግፈናል፤ ይህ ሳይደረግ ማንም ሰው ጉድጓድ ውስጥ መግባት የለበትም።

ከላይ እስከ 1.6 ሜትር ድረስ አፈር ለማለት የሚያስቸግር ነገር ነው፦ የተሰባበረ ጡብ፣ የምድጃ አመድ፣ ፌስታል፣ አጥንት፣ የላላ ጭቃ። ለብዙ ዘመን ከላይ ሲደፋ የኖረ ሙሌት ነው። ከዚያ በታች ቀይ ቡናማ ሸክላ አፈር ይመጣል። ከ2 ሜትር በኋላ ደግሞ የበሰበሰ የእሳተ ገሞራ አመድ ድንጋይ፤ ዶማ ሲመታው ይፈረፈራል እንጂ አይቦካም። የአዲስ አበባ መሬት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነውና ይህ አያስገርምም። ትኩረታችንን የሳበው የሙሌቱና የሸክላው መገናኛ ነው። ሸክላው ውሃ ስለማያሳልፍ ከላይ የሰረገው ውሃ ሁሉ እዚያ ላይ ይተኛል። እጄን ሳሳርፍበት እንደ ረጠበ ሳሙና አሟለጨኝ።

የአክስቴ ልጅ ከሸክላው ቆንጥሮ በመዳፉ ላይ አንከባለለው። 3 ሚሊ ሜትር እስኪቀጥን ሳይሰበር ቀጠለ። «ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ዓይነት ነው። በበጋ የተሰነጠቀው የመጀመሪያውን ዝናብ በቀጥታ ወደ ሆዱ ያስገባል» አለ። ስለ ሙሌቱ ደግሞ ቆሼን አነሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ተንዶ ከ110 በላይ ሰው የገደለው የቆሻሻ ክምር እንጂ ተፈጥሮ የሠራው ተራራ አልነበረም። ሰው የቆለለውም በተፈጥሮ ተዳፋት ሕግ ነው የሚናደው።

ይህን ሲል በ2015 ያደረግነው ትዝ አለኝ። ግቢው ይስፋ ብለን በተዳፋቱ አናት ላይ 80 ሴንቲ ሜትር ገረገንቲ ደልድለን ነበር። 12 ሜትር በ3 ሜትር፣ ወደ 29 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሜትር ኩብ 1.8 ቶን ብንይዘው 52 ቶን ራሳችን ጭነንበታል።

ጉድጓዱን ከመድፈናችን በፊት ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቧንቧ አቁመን ዙሪያውን በጠጠር ሞላን። ይህ የከርሰ ምድር ውሃ መለኪያችን ነው፤ ክር ላይ የታሰረ ብሎን ወርዶ ውሃ ሲነካ ይሰማል። የዛሬው ንባብ፦ ውሃው ከመሬት በታች 1.3 ሜትር ላይ። ማለትም ከሙሌቱ ግርጌ 30 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ ያውም በደረቅ ወር።

ኅዳር 2

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የመጣበትን ሌሊት ጠበቅን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተን የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍን። ንጋት 12 ሰዓት ላይ 210 ሊትር ሄዷል። ማንም አልጠጣም፣ ማንም አልታጠበም።

ቧንቧ ሠራተኛው የማድ ቤቱን ወለል ሁለት ቦታ አስቆፈረ። ሁለተኛው ላይ የዛገ የብረት ቧንቧ መጋጠሚያ ተገኘ፤ ዙሪያው ገንፎ ሆኗል። ጥገናው ከነወለሉ 1,850 ብር።

ሁለተኛው የውሃ ምንጭ ራሳችን ጣራ ላይ ነበር። ጣራው 90 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚዘንብ አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ፣ የነሐሴ 18ቱ 41 ሚሊ ሜትር ብቻ 3,690 ሊትር ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጣራችን በዓመት ወደ 108,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። አሸንዳው ይህን ሁሉ ሰብስቦ የሚያፈሰው የት ነበር? በተዳፋቱ አናት ላይ፣ ስንጥቁ ካለበት ሁለት ሜትር ርቀት። አሸንዳውን ወደ ፊት ለፊት አዙረን፣ በ110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ከመንገዱ የጎርፍ ቦይ ጋር አገናኘነው። 14,300 ብር።

የማድ ቤት እጣቢ የሚገባበት ጉድጓድም ከአናቱ 3 ሜትር ላይ ነው። የምግብ ቀለም ጨምረንበት ጠበቅን፤ በአራተኛው ቀን በግንቡ ቀዳዳ የሚወጣው ውሃ ቀላ። ጉድጓዱ ተደፍኖ እጣቢው ወደ ፊተኛው የፍሳሽ መስመር ተዛወረ።

ኅዳር 26

በመለኪያ ቧንቧው ውሃው 2.1 ሜትር ላይ ወርዷል። ከጥቅምት 24 ወዲህ 80 ሴንቲ ሜትር። ገና አንድ ድንጋይ አልተነሳም።

ኅዳር 30

ዛሬ ከአክስቴ ልጅ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አሰላን። ለሰፈሩ ሰውም ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

አፈር ተዳፋት ላይ የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በመጫናቸው፣ ከዚያም በሚፈጠረው ሰበቃ ነው። በመካከላቸው ውሃ ሲሞላና ውሃው ራሱ ሲገፋ፣ ቅንጣቶቹ የሚጫኑበት ኃይል ይቀንሳል፤ ሰበቃውም አብሮ ይቀንሳል። ካርል ተርዛጊ በ1925 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባሳተመው ሥራ የአፈር ምሕንድስናን ያቆመበት ሐሳብ ይኸው ነው። የውሃው መጠን ሳይሆን ግፊቱ ነው ወሳኙ። ማጣበቂያ የሌለው ደረቅ አፈር እስከ 28 ዲግሪ ድረስ የሚቆም ከሆነ፣ ውሃ ሞልቶት ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ሲፈስስ ግን ወደ 15 ዲግሪ ይወርዳል፤ ግማሽ ያህል ማለት ነው። የእኛ ተዳፋት በማዕዘን መለኪያ 38 ዲግሪ ነው። እስካሁን ያቆመው የሸክላው መጣበቅና የዛፍ ሥር ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ላይ ቤት አይጣልም።

ከዚያ ወደ ግንቡ ሄድን። 3 ሜትር ከፍታ ያለው አፈር፣ ደረቅ ሲሆን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 3 ቶን ይገፋል። ከኋላው ውሃ እስከ አፉ ከሞላ ግፊያው 5.8 ቶን ይሆናል። አሮጌው የ1.5 ሜትር ግንብ ያለ ውሃ እንኳን የሚያቆመውና የሚገፋው ልክ ለልክ ነበር፤ ውሃ ሲሞላ የሚያቆመው ከሚገፋው ግማሽ ብቻ ነው። ሆድ አውጥቶ መቆሙ ራሱ ይደንቃል።

የመረጥነው ጋቢዮን፣ ማለትም በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን ነው። ከታች 2 ሜትር፣ ከመካከል 2 ሜትር፣ ከላይ 1 ሜትር ስፋት፣ ሦስት ድርድር። በሜትር ርዝመት 5 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ 8 ቶን ክብደት። የሚያቆመው ለሚገፋው ሲካፈል 1.4 ይመጣል፤ 50 ሴንቲ ሜትር በበሰበሰው ድንጋይ ውስጥ ስንቀብረውና ወደ ተዳፋቱ 6 ዲግሪ ስናዘነብለው ከ1.5 ያልፋል። ይኸው ግንብ ከኋላው ውሃ ቢሞላበት 0.7 ብቻ ነበር። ጋቢዮን ውሃ ስለሚያሳልፍ እንጂ ክብደቱ ብቻውን አያድነንም ነበር።

ታኅሣሥ 20

ፈቃድ ተገኘ፣ የእናቴ ዕቁብም ወጣላት። የዕቁቡ ሰብሳቢ ተራቸውን ለእኛ ከለቀቁ በኋላ ነው የደረሰን፤ ይህን ውለታ አልረሳም።

2 በ1 በ1 ሜትር የሆነ 30 ሳጥን ጋቢዮን ገዛን፤ ሽቦው 2.7 ሚሊ ሜትር፣ ዓይኑ 8 በ10 ሴንቲ ሜትር። አንዱ 3,200 ብር፣ ጠቅላላ 96,000። አንድ ነጋዴ በ2,300 ሊሸጥልን ነበር፤ ሽቦውን በፒንሳ ስናጥፈው የዚንክ ልባሱ ተላጠ፣ ትተነው ወጣን።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ሌሊት ቤቱ ተንቀጠቀጠ። በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የደረሰው ርዕደ መሬት በሬክተር 5.7 መሆኑ ጠዋት ተነገረ። እኔ በባትሪ ወደ ካስማዎቹ ነው የሮጥኩት፤ በስንጥቁ ላይኛው በኩል ቆሜ ለካሁ። ምንም ለውጥ የለም። መሬቱ ደርቆ ባይቆየን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ እስኪነጋ ተቀመጥኩ።

ጥር 5

ድንጋዩ መጣ። አራት ሲኖ ትራክ፣ እያንዳንዱ 16 ሜትር ኩብ፣ በ19,000 ብር። መኪናው የሚገባው በሌሊት ነው፤ ወደ ግቢው በሚያስገባው መተላለፊያም አያልፍም፤ አስፋልቱ ዳር ነው የሚደፋው። ከዚያ እስከ ተዳፋቱ 140 ሜትር በባሬላ። ስድስት ሰው ለዘጠኝ ቀን፣ 27,000 ብር። ይህን ወጪ በዕቅዱ ውስጥ ጨርሶ አላስገባሁትም ነበር።

በዚያው ሳምንት ገረገንቲውን ከአናቱ አነሳን። ባዶ የሚመለሱትን መኪኖች ተጠቅመን በ18,000 ብር አስወጣነው።

ጥር 14

ትልቁ ስህተት። ዋናው ግንበኛ ጋሼ የተዳፋቱን እግር በአንድ ጊዜ ከ3 ሜትር በላይ እንዳንከፍት አስጠንቅቀውን ነበር፦ 3 ሜትር ቆፍሮ፣ ሳጥን አስቀምጦ፣ ሞልቶ፣ ከዚያ ዘልሎ ሌላ ቦታ። የመጀመሪያው ክፍል በሰላም አለቀ። ሁለተኛው ላይ ሥራው እንዲፋጠን ብዬ እሳቸው ባልነበሩበት 5 ሜትር አስከፈትኩ። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞቹ ለምሳ በወጡበት፣ ሁለት ሜትር ኩብ ያህል አፈር ከላይ ወርዶ ጉድጓዱን ሞላው። ሁለት አካፋ ከሥሩ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ሦስት ሰው ነበር።

ጋሼ ሲመለሱ አልጮሁም። «ልጄ፣ የሚሸከመውን እግሩን ነው የቆረጥክበት» ብለው ዶማውን ከእጄ ተቀበሉኝና ሥራው ለዚያ ቀን ቆመ። ለሠራተኞቹ የቀኑን ሙሉ ክፍያ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ 2.5 ሜትር ሆነ። ከላይ በኩልም ስንጥቁን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው ከነፉጨቱ ቆመ።

የካቲት 3

የመጀመሪያው ድርድር ተሞላ፤ ግን ሁለቱ ሳጥኖች ፊታቸው 9 ሴንቲ ሜትር አበጠ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በውስጥ የፊቱን ከኋላው የሚያያይዘውን ማሰሪያ ሽቦ አላስገባንም። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን በባሬላ ገልብጠን ነው የሞላነው። ጋሼ ሁለቱን አስፈቱን። አሁን የምንሠራው እንዲህ ነው፦ 33 ሴንቲ ሜትር ይሞላል፣ ማሰሪያ ሽቦ ይገባል፣ እንደገና 33፣ እንደገና ሽቦ። ፊት ለፊት የሚታየው ድንጋይ እንደ ግንብ በእጅ ይደረደራል፤ ከዓይኑ የሚያመልጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ድንጋይ ወደ ውጭው በኩል አይገባም። ድንጋዩ እየሰከነ ስለሚወርድ ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ይሞላል። በዚህ አሠራር በቀን የሚሞላው ሳጥን ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም አላበጠም።

የካቲት 7 ዓርብ ምሽት ሌላ ርዕደ መሬት ነበር፤ በሬክተር 6.0። ያልተከደኑ ሦስት ሳጥኖች ውስጥ ድንጋዩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሰከነ። ካስማዎቹ አልተንቀሳቀሱም።

የካቲት 29

ከጋቢዮኑ ኋላ የሚተኛው ማፋሰሻ ቧንቧ። 110 ሚሊ ሜትር፣ ከታች በኩል የተበሳ፣ በጠጠር የተከበበ፣ ዙሪያውን ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጂኦቴክስታይል ጨርቅ የተጠቀለለ። በ12 ሜትር ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ሊኖረው ይገባል። በአጭር ውሃ ልክ እየለካን አስተኛነው፤ ባልዲ ውሃ ስንጨምር መካከሉ ላይ ቆመ። አንዱ መጋጠሚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አዘንብሏል። ረጅም ነገር በአጭር ውሃ ልክ አይለካም። ውሃ በሞላ ገላጭ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደረጃውን ይዘን እንደገና አስተኛነው። አንድ ቀን ባከነ።

መጋቢት 22

የበልግ ዝናብ። የኋላው ሙሌት በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብ እየተጠቀጠቀ ነው። የቧንቧው አፍ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንጹሕ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። እትዬ ምጣድ ቤታቸው በር ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት።

ሚያዝያ 30

የግንቡ ሥራ አለቀ። ወጪ፦ ጋቢዮን 96,000፣ ድንጋይ 76,000፣ ማመላለሻ 27,000፣ የቁፋሮ፣ የግንበኛና የረዳት ደመወዝ 94,400፣ ጨርቅ፣ ጠጠርና ቧንቧ 29,500፣ አፈር ማስወጫ 18,000። ድምር 340,900 ብር። የመጋጠሚያው ጥገናና አሸንዳው በአንድ ላይ 16,150 ብር ናቸው። በ2014 ከግንቡ በፊት ያን ብናደርግ ኖሮ ምናልባት ስንጥቁ ባልመጣ ነበር። ገንዘብ አጥሮት ግንብ መሥራት የማይችል ሰው ቢጠይቀኝ የምመልስለት ይህንን ነው፤ መጀመሪያ ቆጣሪውን በሌሊት እንዲያነብ እነግረዋለሁ።

ከጋቢዮኑ በላይ ያለውን ተዳፋት ወደ 27 ዲግሪ አስተኝተን በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ቬቲቨር ሣር ተከልን። መስመሩ አግድም ነው። ወደ ወንዙ ያዘነበለውን ባሕር ዛፍ ቆርጠን ሥሩን ግን በመሬት ውስጥ ተውነው።

ሐምሌ 11

የግራው ቧንቧ አፍ ደፍራሽ ውሃ እያወጣ ነው። በጠርሙስ ይዤ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሁለት ጣት ደለል ተኝቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንጹሕ ውሃ ከወጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጭቃ ከወጣ ግን ከኋላው አፈሩ እየታጠበ ባዶ ቦታ እየተፈጠረ ነው። በማግስቱ በሸራ ሸፍነን ከላይ ቆፈርን። ጨርቁ ከጨርቅ ጋር የተደራረበው በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ተንሸራቶ ተከፍቷል። በ40 ሴንቲ ሜትር ደርበን፣ በሽቦ ሰፍተን ዘጋን። 3,400 ብር። ከሦስት ቀን በኋላ ውሃው ጠራ።

ነሐሴ 9

ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሳያቋርጥ ዘነበ። 4 ሰዓት ላይ ጣሳው 33 ደርሷል፤ ደወልኩላቸው። እትዬ ሦስቱን ልጆች ይዘው መጡ። «ግንቡ አለ እኮ ልጄ» አሉ። ግንቡ ይህን ያህል ዝናብ ገና እንዳላየ፣ ስምምነታችንም በዚህ ክረምት እንደማይፈርስ ነገርኳቸው። ልጆቹ ሳሎን ተኙ፤ እኛ ቡና አፍልተን ጠበቅን።

ጠዋት፦ ዝናብ 52 ሚሊ ሜትር። በመለኪያ ቧንቧው ውሃው ወደ 1.9 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከሙሌቱ ግርጌ ግን 30 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። በማግስቱ ተመልሶ ወረደ። ካስማ ሁለት 1 ሚሊ ሜትር፣ ሌሎቹ ዜሮ። አንድ ሚሊ ሜትር የእጄም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ እንደ እንቅስቃሴ ቆጥሬ ጽፌዋለሁ።

መስከረም 20 ቀን 2018

የክረምቱ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 2 ሚሊ ሜትር። አምና 17 ነበር። የጋቢዮኑ የላይኛው ድርድር በቀኝ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ የድንጋዩ መስከን ይመስላል፣ ምልክት አድርጌበታለሁ። ቬቲቨሩ ከሦስት እጅ ሁለቱ ይዟል፤ የደረቀውን በሰኔ እንተካለን።

ምጣዱ ዛሬ ከበረንዳችን ተነሳ። ከጋሼ ጋር ሆነን ወደ ታች ተሸክመን አወረድነው፤ ከጋቢዮኑ ፊት አራት እርምጃ ርቀት ላይ፣ በአዲሱ ቦታ አስቀመጥነው። ለጥቅምት የቀረው ሥራ የቀኙን የቧንቧ አፍ በወንፊት መሸፈን ነው፤ አይጥ ገብታበታለች። ካስማዎቹ ከነገ ጀምሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይለካሉ። የእትዬ ትልቁ ልጅ ሜትሩን አያያዝ ለምዷል፤ ቅዳሜ የመጀመሪያውን ንባብ እሱ ይጽፋል።